የርችት ወረቀት ለምን እሰበስባለሁ? (ለወላጆች)



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ግፊትም ስለ ስኳርም አይደለም። ከሥራ ውጪ ስለምወደው ነገር ነው። እኔ የርችት ማሸጊያ ወረቀትና የድሮ የክብሪት ቀፎ እሰበስባለሁ። ቴምብርና የድሮ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ብዙ ነው፤ የርችት ወረቀት ሲባል ግን ሰው ይስቃል። ባልደረቦቼም "ሌላ ነገር ጠፍቶ ነው?" ይሉኛል። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ግን ነገሩ የልጆቻችሁን እጅና ዓይን የሚመለከት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ስብስቤ ትልቅ አይደለም፤ ሁለት የፎቶ አልበም ይበቃዋል። ግማሹን ያገኘሁት በእንቁጣጣሽና በገና ማግስት፣ ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳና ከመርካቶ መንገዶች ነው፤ የማነሳውም ተቀዶ ባዶ የቀረውን ወረቀት ብቻ ነው። ሌላውን አጋሮና ሊሙ ገነት ያሉ ባለሱቆች ከመደርደሪያ ጀርባ ፈልገው ሰጥተውኛል። ጅማ ሙዚየም ገብታችሁ የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ካያችሁ፣ ዕቃ ያለፈን ዘመን እንዴት እንደሚናገር ታውቃላችሁ። ተራ የሱቅ ወረቀትም እንዲሁ ይናገራል፤ ችግሩ ማንም ሳያስቀምጠው ተጠርጎ መሄዱ ነው።

የርችት አገሩ ቻይና ነው። ዛሬም በሁናን ግዛት ያለችው የሊዩያንግ ከተማ ርችት በብዛት በማምረት በዓለም የታወቀች ናት። ባለፈው መቶ ዓመት ደግሞ በፖርቱጋል ሥር የነበረችው ማካው ርችት ለውጭ ገበያ ታቀርብ ነበር፤ እዚያ ታይፓ ላይ የነበረው የዪክ ሎንግ ፋብሪካ የተዘጋው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። በድሮዎቹ የርችት ወረቀቶች ላይ ዘንዶ፣ ነብር፣ ንስር፣ ድመት በደማቅ ቀይና ቢጫ ታትመዋል። ፊደሉን ማንበብ የማይችል ገዢ እንኳ የሚፈልገውን በሥዕሉ ይለያል። በአሜሪካና በእንግሊዝ እነዚህን ወረቀቶች፣ የፋብሪካ ፖስተሮችንና የርችት ሳጥኖችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ።

እነዚህ ሰብሳቢዎች አንድ ዘዴ አላቸው። ወረቀቱ ላይ ዓመተ ምሕረት ባይኖርም ዕድሜውን ከማስጠንቀቂያው ይገምቱታል። በጣም የቆየው ሥዕልና የፋብሪካ ስም ብቻ አለው። ከዚያ በኋላ የመጣው "መሬት ላይ አስቀምጠህ ለኩስ፣ ቶሎ ራቅ" ይላል። ይበልጥ አዲስ የሆነው "አዋቂ ሰው አጠገብ ይኑር" የሚል ይጨምራል። አሜሪካ በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕፃናትን የሚጠብቅ ሕግ መሠረት በጣም ኃይለኛ የሆኑት ርችቶች ለሕዝብ እንዳይሸጡ ታገደ። በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአንድ ተፈንጂ ርችት ውስጥ ያለው ባሩድ ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህ የሁለት ፍሬ ሩዝ ክብደት ያህል ነው። አስቡት፣ ከዚያ በላይ ለልጅ ጣት አደገኛ ነው ተብሎ ነው።

የክብሪት ቀፎም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ድሮ የክብሪት ጫፍ የሚሠራው ከነጭ ፎስፈረስ ነበር፤ ጭሱም የፋብሪካ ሠራተኞችን የመንጋጋ አጥንት ይበላ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ስዊድናውያን ፎስፈረሱን ከጫፉ አውጥተው፣ በምትኩ ጉዳት የሌለውን ቀይ ፎስፈረስ ቀፎው ጎን ላይ አደረጉ። በ1906 እ.ኤ.አ. በርን ከተማ በተደረገ ስምምነት ደግሞ አገሮች በነጭ ፎስፈረስ የሚሠራውን ክብሪት ማገድ ጀመሩ። ማታ ማታ የምትጭሩበት የቀፎው ጎን የመጣው በብዙ ሰው ሕመም ነው።

እኔን ወደዚህ ነገር የሳበኝ ይኸው ነው። ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። ሌላው ሰው ወረቀቱ ላይ ዘንዶውን ያያል፤ እኔ ደግሞ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አይቼ ከኋላው ስላለው ልጅ አስባለሁ።

አሁን ወደ ጅማ እንመለስ። አልበሜ ውስጥ ካሉት የቅርብ ጊዜ ወረቀቶች በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት አንድም የለም። ሁሉም በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ነው። ርችት የሚሸጠው ልጅ አያነበውም፤ የሚገዛውም አያነበውም። ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ በእኛ አገር ማስጠንቀቂያው እናንተ ናችሁ።

በቡና አካባቢ ደግሞ ነገሩ የራሱ ወቅት አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡና ይለቀማል። ልጆችም ቃርሚያ ለቅመው ሸጠው ኪሳቸው ሳንቲም ይገባል። ወዲያው ገና ይመጣል። ከሳንቲሟ የተወሰነችው ርችት ትሆናለች።

አንድ የ9 ዓመት ልጅ አስታውሳለሁ። የበዓሉ ማግስት ጠዋት ከመንገድ ዳር ያልፈነዳ ርችት ለቀመ። ማታ ዝናብ ነክቶት ስለነበር እናቱ ቡና የምታፈላበት የከሰል ምድጃ አጠገብ ሊያደርቀው አስቀመጠው። ሊያነሳው ሲል ፈነዳበት። ወደ እኛ ሲመጣ እጁ ላይ የቡና ዱቄት ተነስንሶ ነበር። እናቱ ደሙን ለማስቆም ብላ ነው፤ እናቷም ስታደርግ ያየችውን ነው ያደረገችው። እኛ ግን ማከም ከመጀመራችን በፊት ዱቄቱን ከተላጠው ቆዳ ላይ አንድ በአንድ ማጠብ ነበረብን። ያ እጥበት ለልጁ ከቃጠሎው የማይተናነስ ሥቃይ ነበር። ጣቶቹ ተርፈዋል፤ አመልካች ጣቱ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም።

ስለዚህ እነዚህን ያዙልኝ።

1. ያልፈነዳ ርችት አይነሳ፣ አይደርቅ፣ ድጋሚ አይለኮስ፣ ባሩዱም አይራገፍ። ርጥበት ነክቶታል ማለት ሞቷል ማለት አይደለም። አዋቂ ሰው ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነክሮ ያሳድረው።

2. በእጅ የሚያዘው፣ ብልጭ ብልጭ የሚለው ርችት ለሕፃን መጫወቻ ይመስላል። ጫፉ ግን ወደ 1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ለትንንሽ ልጆች አትስጡ።

3. ቃጠሎ ሲደርስ ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ አፍስሱበት። በረዶ አይሆንም። እጁ ሳያብጥ ቀለበትና አምባር አውልቁ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የቡና ዱቄት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም ጭቃ አትቀቡ።

4. ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ያዙት። ጣት ከተቆረጠ በንጹሕ ርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ፌስታሉን በረዶ ላይ አድርጉት። ጣቱ ራሱ በረዶውን አይንካ።

5. ዓይን ከተመታ አትሹት፣ አትጫኑት፣ አትጠቡት፣ የገባበትን ነገር ለማውጣት አትሞክሩ፣ ምንም ቅባት አታድርጉ። የወረቀት ኩባያ ከወገቡ ቆርጣችሁ ታችኛውን ክፍል ዓይኑን ሳይነካ እንደ ጋሻ ክደኑበት። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ ደም ሊያበዙ ይችላሉ። ሳትዘገዩ ሆስፒታል አድርሱ።

6. የቴታነስ ክትባት መውሰዱን ሐኪሙ ይጠይቃችኋል፤ የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ።

"ታዲያ ልጄ ርችት ነፍሱ ነው፣ ምን ላድርገው?" የሚለኝ ወላጅ ብዙ ነው። ልጅን "አትንካ" ብሎ ብቻ መተው እምብዛም አይሠራም። እኔ የምመክረው ዓይኑን ወደ ወረቀቱ እንድትመልሱት ነው። አንድ ደብተር ስጡት፤ የክብሪት ቀፎ፣ የብስኩት ወረቀት፣ የሻይ ቅጠል ካርቶን፣ የቡና ማሸጊያ ይለጥፍበት። ከሥሩ የት እንደተሠራና መቼ እንዳገኘው ይጻፍ። የት አገር እንደሆነ ካርታ ላይ ይፈልግ። የርችት ወረቀት ከፈለገ ባዶ መሆኑን አይታችሁ የምትሰጡት እናንተ ሁኑ፤ ከመንገድ አይልቀም። የክብሪት ቀፎም ሲሆን እንጨቶቹ ወጥተው ለብቻቸው ይቀመጡ። የርችት ብናኝ ውስጥ እንደ ባሪየም ያሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች ሊኖሩ ስለሚችሉ ወረቀቱን የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ አልበሙም ሁሉን ወደ አፍ ከሚያስገቡ ሕፃናት ይራቅ።

አንዳንድ አዋቂዎችም "ቅርስ ነው" ብለው ያልተተኮሰ የድሮ ርችት ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ። እባካችሁ ተዉት። ባሩድና አብረውት ያሉት ኬሚካሎች ሲያረጁ ጠባያቸው አይታወቅም፤ በትንሽ ሙቀት ወይም ፍትጊያ ሊነሱ ይችላሉ። ለመታሰቢያ የሚበቃው ሥዕሉ ነው።

በመጪው በዓል ዋዜማ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው። ለጎረቤትና ለዘመድም ሼር አድርጉላቸው፤ አንዲት ጣት ወይም አንዲት ዓይን ታተርፉ ይሆናል።

ጤና ለእናንተና ለልጆቻችሁ!