የአያቴ ማሳ የት ገባ?

ባለፈው ነሐሴ ከወልድያ ሚኒባስ ይዤ መርሳ፣ አያቴ ዘንድ ወረድኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ወንዙ ወተት የበዛበት ቡና መስሎ ይጋልባል። አያቴ የተናደ የማሳዋን ጫፍ እያየች «ይኸው፣ አፋር ወሰደው!» አለች። እኔ ደግሞ ጂኦሎጂ የተማርኩ ነኝ (አትሳቁ)፤ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

«አይዞሽ፣ ወደ ምድር ሆድ ተመልሶ ነው» ልላት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዝ ባሕር ያስገባው ደለል ወለሉ ላይ ይነጠፋል። ወለሉ ራሱ በዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር እየተጓዘ፣ አንዳንድ ቦታ ከሌላ የምድር ንጣፍ ስር ይሰምጣል። ከደለሉ ከፊሉ ደጃፉ ላይ ተፍቆ ይቀራል፤ ከፊሉ ማንትል ወደሚባለው ትኩስ ዓለት ይወርዳል። ተረት እንዳይመስላችሁ። ቤሪሊየም 10 የሚባል ነገር አለ፤ ሰማይ ላይ በጠፈር ጨረር ይፈጠርና ከዝናብ ጋር ወርዶ ከአፈር ይጣበቃል። በ1.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ይህንኑ በፈረንጅ 1980ዎቹ ከኒካራጓ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ አገኙት። ደለሉ ሰምጦ፣ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በእሳት ተመልሶ ወጣ ማለት ነው!

የወሎ ጥቁር ድንጋይም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከማንትል የመጣ ነው። ስለዚህ አፈራችን ወደ ቤቱ መሄዱ ነው ልል ስል ካርታው ትዝ አለኝ። የሀብሩ ጎርፍ ባሕር አይደርስም። ብዙው አፋር ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ሚሌን ይዞ አዋሽ የገባውም ጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። አፋር ደግሞ ንጣፎች የሚራራቁበት እንጂ የሚዋጡበት አገር አይደለም።

ከወልድያ በድልብ ሽቅብ ወጥታችሁ ዋድላና ደላንታ ብትደርሱ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ውሃው ፊቱን አዙሮ በበሽሎ ዓባይ ይገባል። የዚያ አገር አፈር ለዘመናት ሜዲትራኒያን ወርዷል፤ የአፍሪካ ንጣፍም ቀስ እያለ ተሸክሞት ከቀርጤስ በስተደቡብ ወዳለው መስመጫ ይጠጋል። ዛሬማ መንገዱ ላይ በፈረንጅ 1970 ያለቀው አስዋን አለ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ህዳሴም አለ። ደለሉን የሚያስቀሩት እነሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ለአያቴ ተረኩላት። አቋርጣኝ አታውቅም፤ ያን ቀንም አላቋረጠችኝም።

«ታዲያ የእኔው መቼ ይመለሳል?»

«እማ፣ የአንቺው እንኳ አይመለስም።»

«እንግዲያ ያንን ድንጋይ አቀብለኝ» አለች። እርከኑ እስከ ማታ አላለቀም፤ እጄ ግን ተልጧል።