የአጥርና የቦይ ነገር

አንድን ሰፈር ለማወቅ የሚሻ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በአጥሩ ላይ ነው። የግንቡን ከፍታ፣ የበሩን ብረት ውፍረት፣ በግንቡ አናት ላይ የተሰካውን የጠርሙስ ስባሪ ወይም የተዘረጋውን የእሾህ ሽቦ ይመለከትና «ይህ ሰፈር ደኅና ነው» ወይም «ይህ ሰፈር ያሠጋል» ብሎ ይፈርዳል። እኔ ግን በከተማችን ዳርቻ ከ20 ዓመት በላይ ኖሬ ያተረፍሁት ዕውቀት ቢኖር፣ የሰፈር ደኅንነት የሚለካው ከአጥሩ በስተውጭ ባለችው ጠባብ የጎርፍ መውረጃ ቦይ መሆኑን ነው። አጥር የእያንዳንዱ ሰው ነው። ቦይን ግን አንዳንዱ «የማንም አይደለም» ይላል፤ አንዳንዱም «የሁላችንም ነው» ይላል። በእነዚህ በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለው ልዩነት በአፍ ሲነገር እንደ ቀላል ነገር ይታያል፤ በሐምሌ ሌሊት ግን ቤት እስከ ማፍረስ ይደርሳል።

የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በኮተቤ፣ ከየካ ተራራ ግርጌ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ መሬቷም ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያዘቀዝቅ ናት። የዓመቱ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። ሰፈሩ ገና ገጠር ሳለ ዝናቡ በሣሩና በእርሻው ውስጥ ይሰርግ ነበር። ዛሬ በቆርቆሮ ጣራ፣ በሲሚንቶ ግቢና በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ የሚወርደው ውሃ የሚሰርግበት አፈር ስለሚያጣ በአንድ ጊዜ ወደ ቦዩ ይሮጣል። እንግዲህ በተዳፋት ላይ የሚኖሩ ጎረቤታሞች፣ ቢዋደዱም ባይዋደዱም፣ በውሃ የተሳሰሩ ናቸው። ከላይ ያለው ሰው ያጠበበውን መንገድ ውሃው ከታች ባለው ሰው ቤት በኩል ያሰፋዋል።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የሆነውም ይኸው ነው። ከመንገዱ በላይ አዲስ ቤት የሠራ አንድ ጎረቤታችን መኪናውን ወደ ግቢው ለማስገባት ሲል በደጁ ያለውን ቦይ በአፈርና በድንጋይ ሞልቶ በሲሚንቶ ለስኖት ነበር። ከሥሩ አንድ ቱቦ ማስቀመጡ አልቀረም፤ ነገር ግን ቱቦው ስፋቱ ከአንድ ስንዝር የማያልፍ ነበርና የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይዞት የመጣው ጭድና የላስቲክ ጠርሙስ ደፈነው። ውሃው መንገዱን አቋርጦ ከታች ወዳለችው የጭቃ ቤት ገባ። በዚያች ቤት የሚኖሩት የሰፈሩ ልጆች ሁሉ «እማማ» የሚሏቸው ባልቴት ናቸው። ሌሊቱን ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር አልጋ ላይ ቆመው አነጉ። ሊነጋ ሲል የግድግዳው ጭቃ ከእግሩ ሟሙቶ፣ ማገሩ ተነቅሎ፣ በአንድ ወገን ያለው ግድግዳ ወደ ውጭ ተዘረጋ። ወደ ውስጥ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ስለ ቦይ ሳይሆን ስለ ቀብር እጽፍ ነበር።

ሕግ አልነበረም ማለት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ፣ ማንም ባለሀብት በሀብቱ ሲገለገል ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን ማወክ ወይም መጉዳት እንደማይገባው ደንግጓል። በቁጥር 2077 ደግሞ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኀላፊ መሆኑን፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ ከኀላፊነት እንደማያድነው ይናገራል። «መልካም ጉርብትና» የሚለው ቃል በሕግ መጽሐፍ ውስጥ መግባቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ሆኖም ውሃ በሌሊት ሲመጣ ቁጥር 1225 አካፋ ይዞ አይወጣም።

ሁለተኛው ችግር ቤቱ ራሱ ነበር። የእማማ ቤት የቀበሌ ቤት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት እንዲተዳደሩ ተደረገ። አዋጁ ለብዙ ድኻ መጠለያ ሰጥቷል፤ ይህን የሚክድ ሰው ታሪክን አያውቅም። ነገር ግን ኪራዩ አነስተኛ ስለነበረ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልተገኘም። ተከራዩም በራሱ ገንዘብ ላድስ ቢል ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ግድግዳው ሲያዘም አስተዳዳሪው ገንዘብ የለውም፣ ነዋሪው ሥልጣን የለውም፤ ቤቱም እንደ ቦዩ በ«የማንም» እና በ«የሁሉም» መካከል ቆሞ ዝናብ ይመታዋል። እማማ የጥገና ፈቃድ እስኪደርሳቸው ሳምንታት አለፉ። በእነዚያ ሳምንታት የወደቀውን ግድግዳ የተካው የእድራችን ድንኳን ነበር።

የድንኳኑ ነገር ያለ ክርክር አልሆነም። አንዳንድ አባላት «ድንኳን የተገዛው ለሐዘን ነው፤ ሰው ሳይሞት አይተከልም» ብለው ደንቡን ጠቀሱ። በሚቀጥለው እሑድ የእድሩ ስብሰባ ሲደረግ የቦዩም ጉዳይ አብሮ ተነሣ። መግቢያውን የሠራው ጎረቤታችን ቆሞ «ቦዩ የመንግሥት ነው፤ ጉድለት ካለ መንግሥት ይምጣና ያስተካክል። እኔ የደጄን መግቢያ በገንዘቤ ነው የሠራሁት» አለ። የተናገረውን ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። በአዳራሹ ውስጥ ከነበርነው መካከል ብዙዎቻችን ስለየራሳችን ደጅ እንዲሁ እናስብ ነበርና ለጊዜው ዝም አልን።

ዝምታውን የሰበሩት እማማ ናቸው። «ልጄ፣ እኔ በርህን አፍርስ አላልሁም፤ ውሃው የሚያልፍበትን ብቻ ተውለት» አሉ። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። ሰውየው አንገቱን ደፋ። በዚያው ሳምንት ሲሚንቶው ተቆፍሮ ሰፊ ቱቦ ተቀበረበት፤ የቱቦውን ዋጋ እኩሌታ እርሱ ከፈለ፣ እኩሌታውን እኛ አዋጣን።

እድሩ ግን በዚህ አላቆመም። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረ፦ በየዓመቱ የግንቦት ወር የመጨረሻው እሑድ የቦይ ጠረጋ ቀን ነው፤ በበቂ ምክንያት ካልሆነ በቀር የቀረ አባል ከቀብር የቀረ ሰው የሚከፍለውን መቀጮ ያህል ይከፍላል። አንዳንዱ መጀመሪያ ሳቀ። «ቦይን ከሬሳ ጋር እኩል አደረጋችሁት» ያለም ነበር። እኔ ግን የነገሩ ብልኃት እዚያ ላይ ይመስለኛል። ቀድሞ «ቦዩን ያልጠረገ ይቀጣል» የሚል ማስታወቂያ በወረቀት ተለጥፎ ዝናብ አጥቦት ሄዷል። ጥሩምባ ሲነፋ ግን ይህ ሕዝብ ይወጣል፤ ምክንያቱም ነገ በእርሱም ደጅ ጥሩምባ እንደሚነፋ ያውቃል። ደንብ የሚከበረው ሰዎችን አስቀድሞ ካስተሳሰረ ነገር ላይ ሲታሰር ነው። ባዶ ቦታ ላይ የተተከለ ደንብ ካስማ እንደሌለው ድንኳን ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል።

ይህን ስል እድር ሁሉን ያድናል ማለቴ አይደለም። በየጓሮው ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች አብዛኞቹ አባል አይደሉም፤ የቦዩም ቀን አያገባቸውም። በአካባቢያችን የተነሡት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም የራሳቸው ቦይ አላቸው፤ እርሱም ደረጃው፣ ጣራውና የፍሳሽ መስመሩ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር አቋቁመው የጋራውን ክፍል በጋራ እንዲጠብቁ ያዛል። ነገር ግን በአራተኛ ፎቅ የሚኖረው ሰው ጣራው ሲያፈስ፣ በምድር ቤት የሚኖረው «እኔን አልነካኝም» ሲል ሰምቻለሁ። በተዳፋታችን ላይ የተነሣው ጥያቄ በደረጃ ላይ ወጥቶ እንደገና መጠየቁ ነው። መልሱንም አዋጁ ብቻውን ሊሰጥ አይችልም፤ እነዚያ ጎረቤታሞች የሚተሳሰሩበትን የራሳቸውን ገመድ መፈለግ ይኖርባቸዋል።

አጥር አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። የእኔም ግቢ ግንብ አለው፤ ለሰፈሩ የሌሊት ዘበኛም በየወሩ አዋጣለሁ። ሌባ አለና። ነገር ግን አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ስለ ግንብ ቁመት አልነበረም፤ ትንሹን ነገር በጊዜው ስለ መያዝ ነበር። በግንቦት የሚነሣ አንድ አካፋ ደለል በሐምሌ የሚወድቅ አንድ ግድግዳ ነው። ሌባ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣ ወይም አይመጣ ይሆናል፤ ክረምት ግን ቀጠሮውን አያጓድልም። ለማይታወቀው ሌባ ይህን ያህል ግንብ ካቆምን፣ ቀኑ ለሚታወቀው ጎርፍ በዓመት አንድ እሑድ ብንሰጥ ብዙ አይደለም።