«ሐይቅ አለ አይደል፣ ቲቸር?»



ባለፈው አርብ ሥራ ስላልነበረኝ ፔካ 12 ወጣሁ። ለማታውቁት፣ ከጅቡቲ ከተማ ዳር ያለ ሰፈር ነው። አንዲት የአገራችን ልጅ እዚያ ሻይ ታፈላለች። በእግራቸው ወደ ታጁራና ኦቦክ የሚሄዱት ልጆች ስንቅ የሚይዙት በዚያው አካባቢ ነው። በመኪና መንገዱ እስከ ታጁራ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ነው፤ ተራራ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ደላላው ግን «ሁለት ቀን ነው» ይላቸዋል።

«ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወሎ ሳለሁ ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ጺም አውጥቷል። ኮንጎ ጫማው በሽቦ ታስሯል። ስድስት ሆነው ነው የሚሄዱት። ፌስታላቸውን አየሁት፤ በሶ፣ ትንሽ ቴምር፣ ለሰው አንድ ባለ ሁለት ሊትር ውሃ።

«ውሃው ይሄው ነው?» አልኩት።

«መንገድ ላይ ሐይቅ አለ አይደል፣ ቲቸር? አሳል። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን? ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር።»

አስተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ ይመጣል ብዬ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ውሃው ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ መሆኑን ነግሬያቸው ይሆን? አላስታውስም። ለወሎ ልጅ ሐይቅ ማለት ከደሴ በላይ ያለው ሐይቅ ነው፤ ከብት ይጠጣዋል፣ ዓሣ ይወጣበታል።

«አይጠጣም» ስለው ሳቀ። የቀለድኩ መስሎታል።

ተመለስ አልኩት። ኦቦክ ያለው የአይኦኤም ማዕከል መመለስ ለሚፈልግ እንደሚረዳ፣ ሚያዝያ 2016 ጎዶሪያ አጠገብ ጀልባ ተገልብጦ ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ከ20 በላይ ወገኖቻችን እንደሞቱ ነገርኩት። «እናቴ በሬ ሸጣለች» አለኝ። እኔም ያልተመለስኩ ሰው ነኝና ዝም አልኩ።

ኪሴ ውስጥ በነበረው ገንዘብ ለየራሳቸው ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ገዛን። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ቀን ጥላ ፈልጋችሁ ተኙ፣ ሌሊት ተጓዙ፣ ከመኪና መንገዱ አትራቁ አልኳቸው። ጃኬትና ሁለት ጂንስ የያዘ ነበር፤ ለባለ ሻይዋ ትቶላት ሄደ። አንዳንዶቻችሁ «ውሃ መስጠት መሸኘት ነው» ትሉኛላችሁ። ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ያን ዕለት ግን ከመሄዳቸው በፊት በእጄ የነበረው ነገር ውሃ ብቻ ነበር።

«ታጁራ ስገባ ከሰው ስልክ እደውላለሁ፣ ቲቸር» ብሎኝ ነበር። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው።

ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ እናቱ ጋ ወሬው ከእኔ ቀድሞ እንዳይደርስ። ታጁራና ኦቦክ ያላችሁ ግን፣ ቀይ ገመድ የታሰረበት ነጭ ጄሪካን የያዙ ስድስት ልጆች ካያችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሌሊትም ቢሆን።