በቁማር እንጀራ የሚበላ ማነው?

አማርኛችን ስለ ቁማር ያለው እውቀት ከብዙ ባለሙያ ይበልጣል። ያሸነፈውን «በላ»፣ የተሸነፈውን «ተበላ» ይለዋል። ገበሬ አርሶ የሚበላው ከመሬት ያወጣውን ነው፤ ነጋዴም ዕቃ አምጥቶ አትርፎ ይበላል። ካርታ ጠረጴዛ ላይ ግን አንዱ የሚበላው ሌላው የተበላውን ብቻ ነው። ጠረጴዛው ራሱ ምንም አያበቅልም።

ይህን የማነሳው የእህቴ ልጅ ሰሞኑን «ጋሼ፣ እኔ እኮ ፕሮፌሽናል ነኝ» ስላለኝ ነው። 23 ዓመቱ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ አጥቷል። አሁን ቀን የአውሮፓን ሊግ ሲተነትን ይውላል፣ ማታ ቲኬት ይቆርጣል። እናቱ እቁብ ሲወጣላት ለትምህርቱ ልትከፍልለት አስባ ነበር። እሱ ደግሞ ያንኑ ብር «መነሻ ካፒታል» ሊያደርገው ይፈልጋል። እህቴ ምን ላድርግ አለችኝ። ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት ስላለ መልሴን እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ ልጁ የሚለው ሁሉ ውሸት አይደለም። በዓለም ላይ በቁማር የሚተዳደር ሰው አለ። ዋናዎቹ የፖከር ተጫዋቾች ናቸው። ፖከር ውስጥ የምትጫወተው ከቤቱ ጋር ሳይሆን ፊት ለፊትህ ከተቀመጠው ሰው ጋር ነው። ሁለት ካርታ ለብቻህ ትይዛለህ፣ አምስት ካርታ መሐል ላይ ለሁሉም ይገለጣል፣ በየደረጃው ገንዘብ ትጨምራለህ ወይ ትተወዋለህ። መጥፎ ካርታ ይዘህ ጥሩ የያዝክ አስመስለህ ሌላውን ማስለቀቅ ትችላለህ። እኛ አራዳዎች «ፉገራ» የምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ችሎታ ዋጋ አለው።

ግን የዚህ ሥራ ውስጡ ምን ይመስላል? ከሁሉ የሚሻለውን ጥንድ ይዘህ፣ ባላጋራህ ሁለተኛውን ጥንድ ይዞ፣ ሁላችሁም ያላችሁን ሁሉ ብታስይዙ ከአምስት አንድ ጊዜ ያህል አንተ ትበላለህ። ምንም ሳታጠፋ! ለዚህ ነው እውነተኛው ባለሙያ ካለው ገንዘብ ጥቂቱን ብቻ ይዞ የሚቀመጠው፣ ወራት ሙሉ ሲከስር ሳይደነግጥ እያንዳንዱን እጅ የሚመዘግበው። ሥራው ከፊልሙ ይልቅ የሒሳብ ሹም ሥራ ይመስላል። የልጃችን አካውንቲንግ እዚያ ይጠቅመው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር የኢንተርኔት ውድድር አልፎ ላስቬጋስ ገባ፤ ከ839 ተጫዋቾች አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ዓለም ሁሉ ያንን አየ። በ2006 እዚያው ውድድር ላይ የተቀመጠው ሰው 8,773 ደርሶ ነበር፤ የመግቢያው ዋጋ 10,000 ዶላር ነው። ሁሉም የመጡት መኒሜከርን ሊሆኑ ነው። አንዱ ሆነ፤ ጥቂቶች ካወጡት በላይ ይዘው ተመለሱ። የቀሩት ሺዎች የመግቢያቸውን ከፍለው ሽልማቱን ያዋጡ ናቸው። ያሸነፈውን በስሙ እናውቀዋለን፤ ያዋጡትን ግን ማንም አይጠራቸውም።

ያደግሁት ዶሮ ማነቂያ ነው። በእኛ ሰፈር ካርታ የሚጫወት ሁሉ የሚያከብራቸው አንድ ሰው ነበሩ። ልጆቻቸው በሕይወት ስላሉ ስማቸውን አልጠራም። ሲጫወቱ ከሻይ በቀር አይቀምሱም፣ አይቆጡም፣ አይፎክሩም። የሰው እጅ እንጂ የራሳቸውን ካርታ ብዙም የሚያዩ አይመስሉም ነበር። ከአትክልት ተራ እስከ ሠራተኛ ሰፈር «እሳቸው አይበሉም» ይባልላቸው ነበር። እኛ ልጆቹ የአራዳነት ጥግ አድርገን እናያቸው ነበር።

ሳድግ የገባኝ ግን ሌላ ነው። ጥሩ ገቢያቸው የሚመጣው ወር ሲደርስ ነው፤ ማለትም የሚበሉት የመንግሥት ሠራተኛውን፣ የዘበኛውን፣ የጫኝ አውራጁን ደሞዝ ነበር። ከእነሱ የሚሻል ተጫዋች ሲመጣ ይነሣሉ። ይህ በሙያው ትልቅ ጥበብ ነው፤ የዓለም ባለሙያዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው፦ ከአንተ ደካማ የሆነ ሰው ካላገኘህ አትቀመጥ። እና ደካማው ማነው? ጎረቤትህ ነው። በማግስቱ ሚስቱ ከሚስትህ ሽሮ ትበደራለች።

ሌላም ነገር አለ። ማታ ስድስት ሰዎች አንድ አንድ ሺህ ብር ይዘው ቢቀመጡ ጠረጴዛው ላይ 6,000 ብር አለ። ቤቱ ከሚበላው ሁሉ 5 በመቶ ቢወስድ፣ ብሩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ በአንድ ሌሊት የ40,000 ብር ጨዋታ ቢደረግ፣ ለቤቱ 2,000 ብር ገባ ማለት ነው። ሲነጋ ስድስቱ ይዘው የሚወጡት 4,000 ብር ነው። አራቱን ሺህ ማንም ይብላው ማን፣ ሳይጫወት የበላው ባለቤቱ ነው። የእኛ ሰፈሩ ሰውዬ አብረዋቸው የተቀመጡትን ማሸነፍ ብቻ አይበቃቸውም ነበር፤ ቤቱንም ማሸነፍ ነበረባቸው።

የእሳቸው ቤት በመጥፎ ወር የኖረው ባለቤታቸው ጋግረው በሚሸጡት እንጀራ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ካርታ ይዘው ኖረው በስማቸው የቤት ካርታ ሳይኖር አረፉ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ለቤተሰቡ ምትክ ቤት ያስገኘው የቀበሌ ኪራይ ደብተሩ ነበር፤ ኪራዩን በየወሩ ሲከፍሉ የኖሩት ደግሞ እንጀራ ሻጯ እናት ናቸው።

«እሳቸው የድሮ ሰው ናቸው፣ ዕድል አላገኙም» የሚል ይኖራል። እንግዲያውስ ዕድሉን ሁሉ ያገኘውን እንይ። ስቱ አንገር የኒውዮርክ ልጅ ነው። በካርታ ችሎታው አቻ አልነበረውም ይባላል፤ ጂን በሚባለው የካርታ ጨዋታ የሚገጥመው ሰው ስላጣ ወደ ፖከር ዞረ። የዓለም ዋናውን ውድድር በ1980፣ በ1981 እና በ1997 አሸነፈ። በመጨረሻው ጊዜ መግቢያውን የከፈለለት ሌላ ሰው ነበር፤ ከሽልማቱ አንድ ሚሊዮን ዶላር ግማሹ ለዚያ ሰው ሄደ። በቀጣዩ ዓመት፣ ኅዳር ወር ላይ፣ ላስቬጋስ ውስጥ በአንድ ርካሽ ሞቴል ሞቶ ተገኘ። 45 ዓመቱ ነበር። ለቀብሩ ወዳጆቹ አዋጡ።

ብሩ የት ሄደ? አደንዛዥ ዕፁ አንድ ነገር ነው። የቀረውን የበላው የፈረስ እና የስፖርት ውርርድ ነው። ልብ በሉ፤ በካርታ ዓለምን የበላው ሰው በስፖርት ውርርድ ተበላ። ምክንያቱም ካርታ ላይ ከፊቱ ሰው ነበረ፤ ውርርድ ላይ ግን ከፊቱ የነበረው ሒሳብ ነው። ሒሳብ አይደክምም፣ አይሰክርም፣ በፉገራም አይለቅም።

የእህቴ ልጅ የተቀመጠው እዚህኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን አብረን እናስላው። ሁለት እኩል ዕድል ያላቸው ውጤቶች አሉ እንበል። ድርጅቱ ለሁለቱም 1.90 ኦድ ይሰጣል። በሁለቱም ላይ መቶ መቶ ብር ብታስይዝ 200 አውጥተህ 190 ታገኛለህ። ከየመቶው 5 ብር ቀረ፤ የቤቱ ድርሻ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን የእኛ ልጆች የሚቆርጡት ባለ አንድ ጨዋታ ቲኬት አይደለም፤ አሥር ጨዋታ ይደረድራሉ። ድርሻው በእያንዳንዱ ላይ ይባዛል። የአሥር ጨዋታ ቲኬት በ100 ብር ስትገዛ በአማካይ ዋጋው 60 ብር ያህል ነው። ሱቅ ሄደህ የመቶ ብር ስኳር ብለህ የስልሳ ብር ቢመዝኑልህ ዝም ትላለህ?

አውሮፕላኗስ? አቪዬተርን የሠራው ድርጅት ራሱ ከሚያዘው ገንዘብ 97 በመቶው ይመለሳል ይላል። ይመን፤ ልክ ነው እንበል። በመቶ ብር ጀምረህ ያለህን ሁሉ እያሽከረከርክ 50 ዙር ብትጫወት በአማካይ የሚቀርህ 22 ብር ገደማ ነው። አምሳ ዙር ደግሞ አንድ ሰዓት አይፈጅም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይህ ነው።

በዚህ ላይ እዚሁ ቴሌግራም ላይ «ፊክስድ ጌም አለን» የሚሉ አሉ። አሠራሩን እወቁት። አንድ አጭበርባሪ 800 ተከታይ አለው። ለ400ው «ሀ ያሸንፋል»፣ ለ400ው «ለ ያሸንፋል» ብሎ ይልካል። ትክክል የደረሳቸውን 400 እንደገና ለሁለት ይከፍላል፤ ከዚያ 200፣ ከዚያ 100። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ትክክል ያየው መቶ ሰው ነቢይ ያገኘ ይመስለዋል፤ ለአራተኛው ያለውን ይከፍላል። ሰውዬው ስለ ኳስ ምንም ማወቅ አላስፈለገውም።

ሕጉም ቢሆን ይህን እንደ ሥራ አያየውም። የ2008 ዓ.ም.ን የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ተመልከቱ። ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ አሸናፊነት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር፤ ስሌቱም በተገኘው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ ነበር። አንድ ሳምንት 10,000 ብር በልተህ በሚቀጥለው 9,000 ብትበላ ኪስህ የገባው 1,000 ነው፤ በዚያ ስሌት ግብሩ ግን 1,500 ይሆን ነበር። ነጋዴ ወጪውን ይቀንሳል፤ ቁማርተኛ የተበላውን አይቀንስም። ለስፖርት ውርርድ ድርጅቶች ፈቃድ የሰጠው ራሱ በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሎተሪ መሆኑን ስናስብ፣ ልጆቻችንን «ሰነፍ» ብቻ ብለን መስደባችን ፍትሕ የለውም። መንግሥት ፈቅዶ፣ ማስታወቂያው በኳሱ መሐል ገብቶ፣ ሥራ የሌለው ልጅ ቤት ቁጭ ብሎ ስልክ ይዞ ምን ያድርግ? ቤቶቹን በዘመቻ ማሸግም አይተናል፤ ጨዋታው ከቤቱ ወጥቶ ኪስ ውስጥ ገባ እንጂ አልቀረም።

ለእህቴ ያልኳት ይህን ነው። እቁቡን ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ ክፈይ፣ በእጁ አትስጪው። አትሳደቢ፣ አታባርሪ፤ የሚደበቅ ልጅ የባሰ ይበደራል። እሱን ደግሞ አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ ፕሮፌሽናል ከሆንክ መዝገብህን አሳየኝ። የቆረጥከውን ቲኬት ሁሉ፣ የበላኸውን ብቻ ሳይሆን የተበላኸውንም፣ በቀን ጽፈህ አምጣ። ሒሳብ ተምረሃልና ትችላለህ። እስካሁን አላመጣም። ጠብቄዋለሁ።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ከስብከት በፊት መዝገቡን ጠይቁት። በላሁ ያለውን ሁሉም ያወራል፤ የተበላው በወረቀት ላይ ሲደመር ግን ማንም አራዳ ሊፎግረው አይችልም። በቁማር እንጀራ የሚበላ አለ ወይ ላላችሁኝ፣ አለ፦ ጠረጴዛውን የዘረጋው።

ቸር ያሰማን።