«መስኮቱን ዝጊ»፣ «መስኮቱን ክፈቺ»

ውድ እኅቴ፣ በምትሠሪበት ቢሮ በመስኮት ምክንያት ስንት ጊዜ ክርክር ተነሣ? በእኛ ቢሮ በክረምት እኔ ሹራብ ደርቤ ስንቀጠቀጥ፣ ባልደረባዬ እጅጌውን ጠቅልሎ «ታፈንን!» ይላል። ይህን የሴት ቅብጠት የሚሉት አሉ፤ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለቢሮ ሙቀት መነሻ የሆነው የ40 ዓመት ዕድሜና 70 ኪሎ ክብደት ያለው ወንድ ነው። ተቀምጣ የምትሠራ ሴት የምታመነጨው ሙቀት ግን ከእርሱ ያንሳል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክፍሉን ትተው ወንበሩን ያዙ። በመቀመጫውና በመደገፊያው የሚሞቅ ሽቦና ትንንሽ ማራገቢያ አኑረው፣ ተቀማጩ እንደ ፍላጎቱ እንዲያዘው አደረጉ። ለማሞቅ ከ20 ዋት በታች፣ ለማቀዝቀዝ 4 ዋት ያህል ይበቃዋል፤ የክፍል ማሞቂያ ግን 1,000 ዋትና ከዚያም በላይ ይበላል።

ወንበሩ ባይኖረንም ሐሳቡ አይቸግረንም። በክረምት አጎዛ ወይም ወፍራም ትራስ በወንበርሽ ላይ አንጥፊ፤ በበጋ አንሺው። የሚሞቀው ባልደረባሽም ከመስኮቱ አጠገብ ይቀመጥ። ብርድ ተሰማኝ ለማለትም አትፈሪ፤ ሰውነትሽ የሚነግርሽ እውነቱን ነውና።