ስሙ አንድ፣ ዓለሙ ለየቅል!

«ጌም የልጅ ነገር ነው» የምትሉ ካላችሁ ዛሬን ብቻ ታገሱኝ። ወደ ሠላሳ እየተጠጋሁ ስለ ጌም ስጽፍ ያዩኝ ጓደኞቼ «ይልቅ ባል ፈልጊ!» ማለታቸው አይቀርም። ይበሉ! እኔ ግን ገንዘቤንም ዕንባዬንም ያስወጣኝን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 12ኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ አልመጣ ብሎኝ ቤት ቁጭ ባልኩበት ጊዜ፣ አባታችን ከአሜሪካ ያገለገለ ኤክስቦክስ 360 ከነማይንክራፍት ሲዲው በሰው እጅ ላከልን። ማይንክራፍት ለማታውቁት፣ ዓለሙ በሙሉ ከብሎክ የተሠራ ጌም ነው። ዛፍ መቁረጥ፣ ድንጋይ መፍለጥ፣ ቤት መሥራት… አለቃ የለም፣ «ይህን ጨርስ» ባይ የለም። ሲመሽ ግን ጉድ ይፈላል! ክሪፐር የሚባል አረንጓዴ ፍጡር ድምፁን አጥፍቶ ይመጣና አጠገባችሁ ፈንድቶ የለፋችሁበትን ይንደዋል።

እኔና ታናሽ ወንድሜ አብረን ልንጫወት ስንል እምቢ አለን። ቲቪያችን ያ ጀርባው የተቆለለ የድሮ ቲቪ ነበራ! ለካ በኤክስቦክስ 360 ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ለመጫወት ኤችዲ ቲቪ የግድ ነው። ሁለት ወር በተራ ተጫወትን። በስንት ልመና እማዬ ፍላት ቲቪ ስታስገባ፣ ያን ሌሊት አልተኛንም።

ቤት ሠራን። የእሱ አልጋ፣ የእኔ አልጋ፣ ለእማዬ ደግሞ ሰፊ ክፍል። አንድ ቀን በጀልባ ባሕሩን ስንቀዝፍ፣ የማይታይ ግድግዳ ነገር ያዘን። «በቃ፣ እዚህ ጋ አለቀ እንዴ?» አለኝ ወንድሜ። አዎ፣ አለቀ! የኤክስቦክስ 360ው ዓለም 864 በ864 ብሎክ ነው። የኮምፒዩተሩ ግን ከመሀል ተነስቶ በየአቅጣጫው ወደ 30 ሚሊዮን ብሎክ ይሄዳል። መሣሪያው ያለው ሜሞሪ 512 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ አይሸከምም። ሠሪውም ሌላ ነው። የኮምፒዩተሩን የሠራው የስዊድኑ ሞጃንግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለኤክስቦክስ 360 ያዘጋጀው ፎርጄይ ስቱዲዮስ የተባለ የስኮትላንድ ድርጅት ነው። ለእኛ ግን 864ቱም በቂያችን ነበር።

በ2019 የአባታችን ጉዳይ ተሳካና ወንድሜ ሄደ። እኔ ቀረሁ። የአሜሪካ ሕግ 21 ዓመት ያለፈውን ልጅ በሌላ ሰልፍ ነው የሚያስጠብቀው፤ እኔ ደግሞ 22 ሞልቶኝ ነበር። አይ ዕድሜ! ኤርፖርት ስንለያይ ያለኝ «ቤታችንን ጠብቂልኝ፣ እዛ ኮንሶል ስገዛ እወስደዋለሁ» ነው።

ታዲያላችሁ፣ ልጁ ሥራ እንደጀመረ ገዛና ደወለ። ምን ቢገዛ ጥሩ ነው? ፕሌይስቴሽን 4! ኤክስቦክስ ዋን ቢገዛ ኖሮ የ360ው ዓለም የሚሻገርበት መንገድ ነበረው። ወደ ፕሌይስቴሽን ግን መንገድ የለም። እኔም በስልኬ ልገባለት አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2017 ጀምሮ ስልክ፣ ዊንዶውስ 10 እና ኤክስቦክስ ዋን አንድ ላይ እንዲጫወቱ ሲደረግ፣ ፕሌይስቴሽን 4 ለብቻው ቀርቶ ነበር።

«ሳትጠይቀኝ ለምን ገዛህ?» ብዬ ጮህኩበት። «ለጌም ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ብሎ ዘጋብኝ። ሁለት ሳምንት አልደወለም።

እኔም ብልጥ ሆኜ ያጠራቀምኳትን አውጥቼ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ የኮምፒዩተሩንም ማይንክራፍት በሰው ካርድ አስከፈልኩ። ኮምፒዩተር ከሁሉም ጋር የሚገናኝ መስሎኝ! የገዛሁት ጃቫ የሚባለው ዓይነት ነው። ጃቫ ከጃቫ ጋር እንጂ ከኮንሶልም ከስልክም ጋር አይገናኝም። ወንድሜን ስሰድብበት የነበረውን ስህተት ራሴ ሠራሁት። ስልኬን አነሳሁና «ይቅርታ፣ እኔም እንዳንተው ተሸወድኩ» አልኩት። ሳቀ። ቀጥሎ ግን ድምፁ ተለወጠ። «እኔ እኮ እዚህ የማወራው ሰው የለኝም» አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ የጮህኩት ለቤቱ አልነበረም፤ ስለናፈቀኝ ነው። እሱም የዘጋብኝ በጌሙ ተናዶ አይደለም።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2019፣ ፕሌይስቴሽን 4 ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ። ወንድሜ የስልኩን ከፈለልኝና በነፃ የማይክሮሶፍት አካውንት ከፍቼ ገባሁ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እሱ በጆይስቲክ እኔ በጣቴ ስለሆንን ክሪፐር መጀመሪያ የሚገድለው እኔን ነው። ዓለሙም ጠርዝ የለውም፤ በመጀመሪያው ቀን ጠፍቼ ፈልጎ አገኘኝ። ቤቱን እንደገና ሠራነው። የእማዬ ክፍል ዘንድሮም ሰፊ ነው።

እናንተም ወንድም፣ እጮኛ ወይም ጓደኛ ውጭ ካላችሁና አብራችሁ ለመጫወት ካሰባችሁ፣ ኪሳችሁ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። አንደኛ፣ እሱ የያዘው ጃቫ ነው ወይስ ቤድሮክ? ከ2022 ወዲህ ለኮምፒዩተር ሁለቱ አንድ ላይ ይሸጣሉ፤ አብሮ ለመጫወት ግን ሁለታችሁም አንዱን ዓይነት መክፈት አለባችሁ። የሰይፉ አመታት እንኳ አይመሳሰልም፤ በጃቫ በየምቱ መሀል ካልታገሳችሁ ጉልበት የለውም። ሁለተኛ፣ በፕሌይስቴሽን ኦንላይን ለመጫወት የደንበኝነት ክፍያ እንዳለ እወቁ። ሦስተኛ፣ እንደ ኤክስቦክስ 360 እና ፕሌይስቴሽን 3 ያሉት አሮጌዎቹ አዲስ ነገር መቀበል አቁመዋል፤ ጎን ለጎን ተቀምጦ ለመጫወት ግን ይሆናሉ።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ከመጮሃችሁ በፊት «እንዴት ነህ?» በሉ።

እማዬ «ያን አሮጌ ኤክስቦክስ ሽጪው» ትለኛለች። አልሸጥም! አልፎ አልፎ ከፍቼ አየዋለሁ፤ ሁለቱ አልጋዎች እንዳሉ ናቸው።

በሉ፣ ቸር ሰንብቱ!