ቀለሙን ትቶ ፊደሉን ማንበብ

በብርድ ወራት ዳውንታውን ዴንቨር ብቅ ያለ ወገን ሁሉ የሚያየው ነገር አለ። በአስፋልቱ ላይ ካሉት የብረት ክዳኖች ቀዳዳ ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎላል። አዲስ የመጣ ሰው እሳት የተነሣ መስሎት ይደነግጣል፤ የቆየው ደግሞ «እዚህ አገር መሬቱም ይተነፍሳል» ብሎ ያልፋል። ነገሩ ተአምር አይደለም። ከኖቬምበር 1880 ጀምሮ፣ ማለትም ከአድዋ ድል አሥራ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የመሐል ከተማው ሕንፃዎች ከአንድ ማዕከል በቧንቧ በሚላክ እንፋሎት ሲሞቁ ኖረዋል። ሳይቋረጡ ከሠሩት የዚህ ዓይነት አገልግሎቶች ሁሉ በዓለም አንጋፋው ነው ይባልለታል። እኛም በነዚያ ሕንፃዎች በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በፓርኪንግና በጥገና የተሰማራን ሰዎች ሌሊቱን በሰው ሙቀት እናሳልፋለን። ወደ አውሮራ ስንመለስ ግን እያንዳንዱ ቤት ሙቀቱን ለራሱ ነው የሚያመርተው። አዛዡም ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሣጥን፣ ቴርሞስታት የምትባለው ናት።

ይህችን ሣጥን አብዛኞቻችን እንደ ሹም ቤት በር ከሩቅ ነው የምናያት። አንፈረድም። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ዴንቨርን በ1,609 ሜትሯ ቁልቁል ታያታለች። ብርድ ሲመጣ ጋቢ እንደርባለን፣ ምድጃ ዙሪያ እንሰበሰባለን፤ ግድግዳ ውስጥ ያለ ሽቦ እሳት ያዛል የሚል ትምህርት ግን አልተማርንም። ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽ ወይ ለመጣው ሠራተኛ ሁሉ የጠየቀንን እንከፍላለን፣ ወይ አገር ቤት ወደምናውቀው ዘዴ እንመለሳለን። ሁለተኛው ነው የሚያስፈራው።

ዲሴምበር 21 ቀን 2022 የነበረውን ብርድ የማያስታውስ የዴንቨር ሰው ያለ አይመስለኝም። በኤርፖርቱ መለኪያ ሙቀቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ42 ወደ 5 ዲግሪ ፋራንሃይት ወረደ። በማግስቱ ከዜሮ በታች 24 ደረሰ፤ በእኛ በለመድነው አቆጣጠር ከዜሮ በታች 31 ማለት ነው። እኔ ዳውንታውን የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ ስለሆንኩ በእንዲህ ያለ ሌሊት ስልኬ አያርፍም። አውሮራ የሚኖሩ አንዲት እናት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ቤቱ በረዶ ሆኗል። ቴርሞስታቱን የቀየረልኝ ሰውዬ ሂተሩ ሞቷል፣ አዲስ ካልተገዛ አይሆንም ብሎኝ ሄደ።»

«አሁን በምን እየሞቃችሁ ነው እማማ?»

«የቡናዬን ከሰል አያይዤ ሳሎን አስገብቻለሁ። ልጅቷም እዚያው አጠገቤ ተኝታለች።»

ልጅቷ ያሏት የልጃቸውን ልጅ ነው። ስለ ሂተሩ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። «እማማ፣ በመጀመሪያ ልጅቷን ይዘው ከቤት ይውጡ፤ በሩን ክፍት ያድርጉት፤ ጎረቤት ያስገባችሁ» አልኳቸው። ታዛዥ ሴት ናቸው፤ ወጡ። ቀጥዬ 911 ደወልኩ፤ የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው አየሩን ለኩ፣ ከሰሉን አወጡ፣ ሁለቱንም መርምረው ደኅና ናቸው አሉ። አገራችን ውስጥ ዘግተው ሲተኙ የከሰል ጢስ አፍኗቸው ያደሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ ማን አለ? የሚገድለው ግን የሚታየው ጢስ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው። ፍም የሆነ ከሰል ጢሱን ጨርሷል ማለት መርዙን ጨርሷል ማለት አይደለም። የፈረንጅ ቤት ደግሞ ሙቀት እንዳያመልጥ ተደፍኖ የተሠራ ስለሆነ ነገሩ ይብሳል።

ቤቱ ተናፍሶ መግባት ሲፈቀድ ወደ ሂተሩ ሄድኩ። አንባቢዬ ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ ብሎ ይከታተልልኝ።

በብዙው የጋዝ ማሞቂያ ቤት ከቴርሞስታቱ ወደ ሂተሩ የሚሄዱት ቀጫጭን ሽቦዎች 24 ቮልት ብቻ የሚሸከሙ ናቸው፤ የግድግዳውን 120 ቮልት ሂተሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ትራንስፎርመር ታወርደዋለች። ሽቦዎቹ አምስት ናቸው እንበል። «አር» ኃይል የሚመጣባት ናት። «ደብሊው» ሙቀት ትጠራለች። «ዋይ» ማቀዝቀዣውን፣ «ጂ» ማራገቢያውን ታዛለች። «ሲ» ደግሞ ኃይሉ የሚመለስባት መንገድ ናት። የቴርሞስታት ጥበብ ሁሉ ይኸው ነው፤ ቤቱ ሲበርድ አርን ከደብሊው ጋር ያገናኛል፣ ሲሞቅ ይለያቸዋል። ቀሪው ጌጥ ነው።

በልማድ አር ቀይ፣ ደብሊው ነጭ፣ ዋይ ቢጫ፣ ጂ አረንጓዴ፣ ሲ ሰማያዊ ሽቦ ይሰጣቸዋል። ልማድ አልኩ እንጂ ሕግ አላልኩም። በእኛ አገር ቀለምና ፊደል አንድ ናቸው፤ የተማረን ሰው ቀለም የቆጠረ እንለዋለን። በዚህ አገር ግድግዳ ውስጥ ግን ቀለምና ፊደል ይጣላሉ።

በእማማም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ብሬከሩን አጥፍቼ የሂተሩን ክዳን በካቻቢቴ ስፈታ፣ ከዓመታት በፊት የሠራው ሰው ቢጫውን ሽቦ «ሲ» ላይ፣ ሰማያዊውን «ዋይ» ላይ አስሮታል። ያኛው የሰሞኑ ሠራተኛ ግን ግድግዳው ዘንድ ቆሞ ቀለም እያየ ቢጫውን ለዋይ፣ ሰማያዊውን ለሲ ሰጠ። ቤዝመንት ወርዶ ሌላኛውን ጫፍ አላየም። ማቀዝቀዣውን ልሞክር ሲል ቴርሞስታቱ አርን ከዋይ አገናኘ፤ ቢጫዋ በሌላ ጫፏ ሲ ነበረችና መጪው ኃይል በቀጥታ ከተመላሹ ጋር ተጋጨ። ሂተሩ ሰሌዳ ላይ ያለችው ወይን ጠጅ ቀለም፣ 3 የሚል ቁጥር የተጻፈባት ፊውዝ ተቃጠለች። ሞተ የተባለው ሂተር እንግዲህ በሕይወት አለ፤ የሞተችው ፊውዟ ናት። የመኪና ፊውዝ ዓይነት ስለሆነች አምሳያዋን ከመኪናዬ አመጣሁ። ግድግዳው ላይ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየርኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ብሬከሩን መለስኩ። ትንሿ ማራገቢያ አጉረመረመች፣ መለኮሻው ቀላ፣ እሳቱ በሰማያዊ ተያያዘ፤ ጥቂት ቆይቶ ትልቁ ነፋስ ሙቀቱን ይዞ ወጣ።

እማማ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው ፊደል የለዩት። ወረቀትና እስክሪብቶ አመጡና «በል አንድ በአንድ ንገረኝ» አሉኝ። የትኛዋ ሽቦ የት እንደታሰረችና ምን እንደምታዝ በአማርኛ ጽፈው ሂተሩ ጎን ለጠፉት። ሌላ ጊዜ የሚመጣ ሠራተኛ ይህንን ሳያስተረጉም አይነካም አሉ። እኔ በዚህ ከተማ ካየኋቸው የጥገና ሰነዶች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይኸ ነው።

ወገኔ፣ ሁሉም ኤሌትሪሺያን ይሁን ማለቴ አይደለም። ሂተር እምቢ ሲል ግን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት የቴርሞስታቱን ባትሪ እይ። ሂተሩ አጠገብ ያለችው የመብራት ማብሪያ የምትመስለው ቁልፍ ጠፍታ እንደሆነ እይ፤ ክዳኑ በደንብ ካልተገጠመም ኃይል አያገኝም። ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖም ሊሆን ይችላል። አዲስ ቴርሞስታት ከማሰርህ በፊት ብሬከሩን አጥፋ፣ የአሮጌውን ፎቶ አንሣ፣ ሁለቱንም ጫፍ በፊደል አመሳክር። ሽቦዎቹ ወፋፍራም ከሆኑ ግን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሆናልና 240 ቮልት ሊሸከሙ ይችላሉ፤ እጅህን ሰብስብና ባለሙያ ጥራ። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከመጣ የጋዝ ሽታ ነው፤ መብራት እንኳ ሳትነካ ውጣና ከውጭ ደውል።

ተከራይ ከሆንክ ቤቱን ማሞቅ የአከራይህ ግዴታ ነው፤ የኮሎራዶ ሕግ ከ2008 ጀምሮ ይህን ይላል። በጽሑፍ አሳውቀው፣ ቅጂውን ያዝ። ከጁላይ 2009 ወዲህ የሚሸጥ ወይም አዲስ የሚከራይ ጋዝ የሚያነድ ቤትም ከየመኝታ ክፍሉ መግቢያ በ15 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ሊኖረው ይገባል። ቤትህ ውስጥ ከሌለ ዛሬውኑ ግዛ።

በየቤቱ ለብቻቸው የሚኖሩ እናቶችና አባቶች አሉን። ሰላምታ ለመስጠት ስንደውል «እንዴት አደራችሁ» ብለን አናቁም፤ «በምን ሞቃችሁ አደራችሁ» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ከሰል ከሆነ ስልኩን ዘግተን እንነሣ።